የአባትሽ ቮልስ ሁለት መኪና ናት

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ አባቴ ትተውልኝ ያለፉት ቮልስ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ ከቆመች 13 ዓመት ሆናት። ሊብሬው 1968 እ.ኤ.አ.፣ 1300 ይላል፤ የሻንሲ ቁጥሩ በ118 ይጀምራል። ለፊት እግሯ ሁለት ጊዜ ቦል ጆይንት (ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ) ገዛሁ፤ ሁለቱም አልገጠሙም። ሻጩ ‹የቮልስ ዕቃ ከአገር ጠፍቷል› አለኝ። አንድ ጋራዥ ደግሞ ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ አየር የሚጨምቅበትን ኃይል) ለክቶ ‹ከመጽሐፉ በታች ነው፤ ሞተሩ አብቅቶለታል፣ ሌላ ግዢ› አለኝ። ቀለም ቀቢው በበኩሉ ነገ አምጪያት ይለኛል። እንደ ነገሩ ከሆነ ነዳጇ የሚሞላው ኮፈኗ ተከፍቶ ነው፤ የፊት መብራቷ መስታወት ደግሞ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው። አባቴ ‹ዓይኗ የሚያባብለው ለዚህ ነው› ይሉ ነበር። ከምን ልጀምር?»

እቴ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ነገር እንደ ጨዋታ ጣል ባታደርጊልኝ ኖሮ እኔም እንደ ሌሎቹ ዕቃ ፍለጋ ልሰድሽ እችል ነበር። መልሱ ያለው እሷ ላይ ነው። የአባትሽ ቮልስ አንድ መኪና አይደለችም፤ ፊቷ የሌላ፣ ወገቧ የሌላ ነው።

ከቁጥሯ እንነሣ። ከኦገስት 1964 ጀምሮ ቮልስዋገን በሻንሲው ቁጥር ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አኃዞች ለዓይነቷ፣ ሦስተኛውን ለሞዴል ዘመኗ አድርጎታል። 118 ማለት የ1968 ሞዴል ነው። ፋብሪካው ዘመኑን የሚለውጠው በኦገስት ስለነበር ከኦገስት 1967 እስከ ጁላይ 1968 የተሠራችው ሁሉ የ1968 ትባላለች። ወደ እኛ ስትመልሺው 1960 ዓ.ም. ነው፤ ከወር ከምናምን በላይ አይዛነፍም። ጀርመኖቹ እንቁጣጣሽን የሚያውቁ ይመስላል።

በዚያ ዘመን ከፋብሪካ የወጣች ቮልስ መልኳ ይታወቃል። የፊት መብራቷ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው። ነዳጅ የሚሞላው ከውጭ፣ በፊት በቀኝ በኩል ባለች ትንሽ በር ነው፤ ኮፈን መክፈት የቀረው ያኔ ነው። ኮፈኗ ከቀድሞው አጠር ብሏል፣ ፓራውልቷም ጠፍጠፍና ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የፊት እግሯ ደግሞ ከኦገስት 1965 ወዲህ በቦል ጆይንት ነው የሚዞረው። ያንቺዋ ቀጥ ያለውን መብራትም፣ የነዳጅ በሯንም፣ ቦል ጆይንቱንም የላትም። መብራቱ ብቻውን ቢሆን አልፈርድም ነበር፤ መብራቱ የሚቀመጥበት ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር ዕቃ ስለሆነ ማንም ያለውን ያስራል። የነዳጅ መሙያው ግን የግንባሯን ላሜራ ይነካል። ቦል ጆይንቱ አለመግጠሙ ሲጨመርበት ነገሩ ግልጽ ነው፤ መኪናዋ አንድ ቀን ፊቷን ተመትታለች፣ ከ1965 ወይም ከዚያ በፊት ከነበረች ሌላ ቮልስ ሙሉ ፊት ተቆርጦ ተበይዶላታል። አባትሽ ከመግዛታቸው በፊትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን ይህ የተለመደ ሥራ ነበር፤ እኔም ሠርቼዋለሁ።

ለማረጋገጥ ሁለት ነገር ተመልከቺ። የኋላ ወንበሩን አንሺና መሐል ላይ በሚሄደው የሻንሲ ጀርባ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብቢ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተሽ ከትርፍ ጎማው ኋላ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ፈልጊ። ሁለቱ አንድ መሆን ነበረባቸው። ሰሌዳዋ ሌላ ቁጥር ካላት ወይም ተነቅላ ባዶ ቀዳዳ ብቻ ካገኘሽ ጥርጣሬዬ እውነት ነው። ሊብሬው ላይ የሰፈረው ከወንበሩ ሥር ካለው ጋር መግጠሙን ዛሬውኑ አረጋግጪ፤ ይህ ነገር ለቦሎና ለስም ማዞር ሲደርስ ነው የሚያስለቅሰው።

ሁለተኛው፣ መኪናዋን በክሪክ አንሺና የፊት ጎማውን አውልቂ። ጎማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቁም የሆነ ወፍራም ፔርኖ (ዘንግ) እና ግራሶ መስጫ ጫፎች ካየሽ የድሮው ነው። የገዛሻቸው ሁለት ቦል ጆይንቶች ምንም አላጠፉም፤ ለሌላ መኪና የተሠሩ ናቸው። ሻጩም አልዋሸም፤ አንቺ የሊብሬውን ዘመን ነገርሽው፣ እሱ የሊብሬውን ዕቃ ሰጠሽ። መጠየቅ ያለብሽ «የ1965 እና ከዚያ በፊት፣ የፔርኖ ሙሉ ኪት» ነው፤ ዛሬም አዲስ ሆኖ ይሠራል።

እዚህ ላይ ግን ቆም በይ። የድሮው የፊት አክሰልና የአዲሱ የፊት አክሰል በቀጥታ አይለዋወጡም፤ የሚታሰሩበት የሻንሲ አፍንጫ ይለያያል። ስለዚህ አንድ ሰው አፍንጫውን ቆርጦ ሌላ በይዷል ማለት ነው። መሪውን የሚሸከመው ያ ብየዳ ነው። ከሞተሩ በፊት፣ ከቀለሙም በፊት፣ እሱን ለጥሩ በያጅ አሳዪ። ጥቁሩ ቅባትና አሮጌው ቀለም ተፍቆ፣ በባዶ ብረቱ ላይ ይታይ። ስንጥቅ ወይም በስቱኮ የተሸፈነ ክፍተት ካለ እስኪበየድ ድረስ ከግቢ አትውጣ። ይህን ያልኩሽን ብቻ ይዘሽ ሌላውን ብትረሺው አልቀየምሽም።

ፊቷን ወደ 1968 ልመልሰው ወይ ትዪኝ ይሆናል። እኔ አልመልሰውም። በውጭ አገር ለውድድር የሚያቀርቡ ሰዎች እያንዳንዷን ብሎን ከዘመኗ ጋር ያስማማሉ፤ ይሁንላቸው። ያንቺን አባት ያመላለሰቻቸው ይቺ ዓይኗ የሚያባብለው ናት። የፔርኖው እግር ግራሶ ቶሎ ቶሎ ይጠይቃል እንጂ ጠንካራ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። ጋራዡ የያዘው መጽሐፍ የተጻፈው ለቮልፍስቡርግ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነውና መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። መጽሐፉ 8 ባር የሚልበት ቦታ እዚህ 6 ቢያሳይ ጤነኛ ሞተር ነው። በዚህ ስሌት ስንት ደህና ሞተር ለብረት ገዢ እንደተሸጠ ባስበው ያናድደኛል። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ 6 ብለው አንዱ 3 ቢል ያኔ እንነጋገራለን። ደግሞስ 13 ዓመት የቆመ ሞተር እንዳለ ተለክቶ ምን ሊል ኖሯል? ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ደርቋል፣ ቫልቮላው አቧራ ነክሷል።

ስለዚህ አራቱንም ካንዴላ አውጪና በየቀዳዳው ትንሽ የሞተር ዘይት አፍስሺ፤ ሦስት አራት ቀን ይቀመጥ። ከዚያ ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ በ21 መፍቻ ይዘሽ በእጅሽ ቀስ አድርገሽ አዙሪ። በሞተሪኖ አይሆንም። ከተዞረልሽ አሮጌውን ዘይት አፍስሺው፤ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ የወረቀት ፊልትሮም የለውም፤ ከሥር በስድስት ዳዶ የታሰረ ወንፊት ነው ያለው። ወንፊቱ ላይ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ካገኘሽ ፎቶ አንሽልኝ። የቫልቮላውን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክለሽ እንደገና ይለካ። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቮላ አይዘጋም፤ የማይዘጋ ቫልቮላ ያለው ሲሊንደር ደግሞ የሞተ ይመስላል።

ጋራዡ ያልነገረሽ ሌላ ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የኋላውን ፑሌጃ በሁለት እጅሽ ይዘሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፊና ሳቢ። ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) በዚያ አቅጣጫ ሊኖረው የሚገባው መንቀሳቀስ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእጅ አይታወቅም ማለት ይቻላል። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ብሮንዚናው (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) ወይም የሞተሩ አካል ራሱ ተበልቷል፣ መውረድ አለበት። ድምፅ ከሌለ እኔ ገንዘቤን ይዤ እቀመጣለሁ። ቢወርድም አትደንግጪ፤ ይህ ሞተር በአራት ቦታ ብቻ የታሰረ ነው፣ ሁለት ልምድ ያላቸው ሰዎች ቡና እስኪፈላ ያወርዱታል።

ሙሉ ሞተር ከመግዛትሽ በፊት ያለሽ የቱ እንደሆነም እወቂ። ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር የተመታ ቁጥር አለ። በኤፍ ከጀመረ 1300 ነው፣ በዲ ከጀመረ 1200፣ በኤች ከጀመረ 1500። ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖረች መኪና የተወለደችበትን ሞተር ይዛ መቆየቷ አይጠበቅም። ዋናው ቁም ነገር ሲሊንደሮቹ አንድ ላይ ያልተቀረጹ፣ አራቱም ለየብቻ የሚወልቁ መሆናቸው ነው። ስለዚህ እንደ ሌላ መኪና ሲሊንደር ለሚፋቅበት የሬቲፊካ ማሽን አይሮጥም፤ አራት ፒስተን ከነሲሊንደሩ በሳጥን ይገዛል፣ ይቀየራል። የ1300ው ዲያሜትር 77 ሚሊ ሜትር ነው። «የ1600ውን 85.5 ላድርግልሽ፣ ጉልበት ታገኛለች» የሚልሽ ካለ የሞተሩ አካልና ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ራስ) በቶርኖ መፋት እንዳለባቸውም ይንገርሽ፤ ካልነገረሽ አያውቅም ማለት ነው። ሌላ ሞተር ከገባ ቁጥሩ ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት። ይህን ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የምትጨርሺው ጉዳይ እንጂ በኋላ የሚታሰብ አይደለም።

ስለ ቆርቆሮዎቹ ትንሽ ላስቸግርሽ። ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ዲናሞው ጀርባ ያለው ማራገቢያ በሚነፋው አየር ነው። ያ አየር በሲሊንደሮቹ መሐል እንዲያልፍ የሚያስገድዱት ጥቁሮቹ የቆርቆሮ ሽፋኖች ናቸው። በዙሪያቸው ያለው ጎማ ደግሞ ከታች ያለውን የማርሚታ ትኩስ አየር ከላዩ ይለያል። ብዙ መካኒክ ሞተር ባወረደ ቁጥር አንድ ሁለቱን «ትርፍ ነው» ብሎ ይጥላል። እኔም ጥያለሁ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ከሲሊንደሮቹ ሥር የምትገባውን ቆርቆሮ ዝጋ በልቷት አገኘሁና ያለሷ ገጠምኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ወር ሙሉ ምንም አላለችም። ወደ ጎጃም ስንሄድ ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ በዝምታ ወረደች፤ የደጀንን አቀበት ስንጀምር ግን ሞተሩ መንጫጫት ጀመረ፣ ከመሐሉ ሳንደርስ «ጧ» አለ። የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቮላ ተቆርጦ ፒስተኑን በስቶታል። ሦስተኛው መሆኑ ድንገት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው እሱ አየር የሚያገኝበት መንገድ ላይ ስለሆነ ከአራቱም ይበልጥ የሚግለው እሱ ነው። ከመቶ ብር በታች ለምትሠራ ቆርቆሮ ሙሉ ሞተር ከፈልኩ፤ ደንበኛዬ ያሉኝንም እዚህ አልጽፈውም። ስለዚህ ከመኪናሽ የሚወጣ አንድም ቆርቆሮ አይጣል፤ የበሰበሰውን ላሜራ ሠሪ አምሳያውን አይቶ ይቆርጥልሻል።

ዕቃ ፍለጋውን በተመለከተ፣ «ጠፍቷል» የሚለውን ቃል አትቀበዪ። ከእነዚህ መኪናዎች 21,529,464 ተሠርተዋል። ጀርመን ጣሪያዋ የማይገለጠውን በ1978 እ.ኤ.አ. ብታቆምም ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እስከ ጁላይ 30 ቀን 2003 ድረስ ሲያመርቱ ነበር። ይህን ያህል መኪና ላለበት ዓለም ፒስተን፣ ፑንቲና፣ የፍሬን ጎማ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን ዛሬም አዲስ ይመረታል። ከባዱ ነገር ትክክለኛውን መጥራት ነው። አሮጌው ዕቃ ላይ ተቀርጾ የምታገኚው ረጅም ቁጥር ሦስት ሦስት ተደርጎ ይነበባል። የመጀመሪያው ሦስት ዕቃው በቅድሚያ ለየትኛው ዓይነት እንደተሠራ ይነግርሻል። የሁለተኛው ሦስት መሪ አኃዝ ደግሞ ወገኑን ይናገራል፤ 1 ሞተር፣ 3 ካምቢዮ፣ 4 የፊት እግር፣ 6 ፍሬን፣ 8 አካል፣ 9 ኤሌክትሪክ። ግራና ቀኝ ላለው ዕቃ የመጨረሻው አኃዝ ለሁለት የሚካፈል ከሆነ የቀኝ ነው፣ ካልሆነ የግራ። ይህን ቁጥር በደብተር ይዘሽ ስትቀርቢ የሻጩ አነጋገር ራሱ ይለወጣል።

መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዲ አሮጌውን ዕቃ በፌስታል ያዢ፤ ስም ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ጠዋት ሂጂ፣ ደላላ ሳይከብሽ። «ለቮልስ» ብቻ ካልሽ ያለውን ይሰጡሻል፤ «ለ1965ቱ ፊት፣ ለ1300ው ሞተር» በይ። ዘመናዊው ሱቅ ውስጥ ካጣሽ ሽማግሌ መካኒኮችን ጠይቂ። የቮልስ ሰው ዕቃ አይጥልም፤ ድሬዳዋም ደሴም ጅማም የአልጋቸው ሥር ካርቡራተር የተኛባቸው አሉ። እነሱ ዘንድ ገንዘብ ብቻ አይሠራም፤ መኪናዋን እንደማትሸጪያት ካወቁ ያወጡልሻል። ታሪክ የሚሸጡም አሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን መሆኑን አገር ያውቃል፤ እኔ እስካሁን «የዚያችው ናት» የተባሉ ሦስት ፓራውልቶች ቀርበውልኛል።

ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ በ23 ኪሎው ሻንጣ ብረት አታሸክሚው። ቀላሉንና እዚህ ደህናው የማይገኘውን አስመጪ፦ የፍሬን ቱቦዎች፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የካርቡራተርና የነዳጅ ፖምፓ የጥገና ኪት፣ ፑንቲናና ኮንዴንሰር፣ የመስኮትና የበር ጎማዎች፣ የሞተር ክፍሉን ዙሪያ ጎማ። ካርቡራተሩን ራሱን አታስመጪ። ያለሽ ከፋብሪካ የመጣው የመጀመሪያው ከሆነ፣ የተበላው የጋዝ መክፈቻ ዘንጉ መቀመጫ ብቻ ነው፤ ጥሩ ቶርኖ ሠራተኛ የነሐስ ቡሽ ይሠራለታል። ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣ አዲስ ካርቡራተር ደግሞ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ መኪናዋ ትሸታለች። ያኔ ነዳጅ የምታሳልፈዋ ትንሿ የነሐስ ቀዳዳ በአንድ ሁለት ቁጥር በምታንስ ትቀየራለች።

ለመለዋወጫ ሌላ የቆመች ቮልስ ልግዛ ካልሽ፣ ግቢሽ ከበቃ እሺ እልሻለሁ። ዛሬ ተነጣጥሎ የሚሸጠው ሲደመር ከሙሉዋ ይበልጣል። ከ1966 በፊት የሆነችውን ምረጪ፤ ፊቷ ለያንቺዋ ፊት መለዋወጫ ይሆናል።

ሞተሩን ከማስነሣትሽ በፊት የነዳጁን ነገር በጭራሽ አታልፊው። የ13 ዓመት ቤንዚን ሳልባትዮው ውስጥ ሙጫ ሆኗል፤ ይውረድ፣ ይታጠብ። ከሳልባትዮው እስከ ካርቡራተሩ ያለው ጎማ ቱቦ ሁሉ ይቀየር፣ ጫፉም በክላምፕ ይታሰር። ቱቦው ከሞተሩ በላይ ነው የሚያልፈው፤ ቢንጠባጠብ የሚወድቀው በትኩሱ ላይ ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዥየም የተቀላቀለበት ስለሆነ አንዴ ከያያዘ ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሺ የዱቄት እሳት ማጥፊያ የያዘ ሰው አጠገብሽ ይቁም፤ እሳቱ የሞተሩን ብረት ከመያዙ በፊት ነው መጥፋት ያለበት። ባትሪዋም ያለችው ከኋላ ወንበር በቀኝ በኩል ሥር ነው። የወንበሩ ሽቦ ፖሎቹን ነክቶ የተቃጠለ መኪና አይቻለሁ፤ ከላይዋ ክዳን ወይም ወፍራም ጎማ ይኑር።

ፍሬኑን አልዘረዝርም፤ ሲሊንደሮቹ ደርቀዋል፣ ቱቦዎቹ ከውስጥ አብጠዋል፣ ሁሉም ይቀየራል፣ ዘይቱም አዲስ ይሁን።

አካሉን ስትመረምሪ ምንጣፉን አንስተሽ ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል በካቻቢቴ ጫፍ ውጊው፤ አሲድ የሚበላው እሱን ነው። ከዚያ ከበሮቹ ሥር በሁለቱም ጎን የሚሄደውን ባዶ ሳጥን መሰል ላሜራ ንኪ። መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት እሱ ነው። በያጁ እሱን ከመቁረጡ በፊት በሮቹ ተዘግተው፣ የበሩ ክፍት ቦታ በብረት ተወጥሮ ይያዝ፤ አለበለዚያ ሲያልቅ በሮቹ አይዘጉም። በዝገት ላይ ላሜራ መለጠፍ ለሁለት ክረምት ነው የሚሆነው። ቀለም ቀቢው ደግሞ ይጠብቅ፤ ያ የአፍንጫው ብየዳ በባዶ ብረቱ ካልታየ እሱ የሚቀባው የሌላ ሰው ጥፋት ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬ አድርጊልኝ። ጋደል ያሉት የመብራት መስታወቶች እዚህ ገበያ ውስጥ ደህና ሆነው የሚገኙት በዕድል ነው። ግቢው ውስጥ በያጅና ክሪክ ከመግባታቸው በፊት ሁለቱንም ከነቀለበታቸው አውጫቸውና በአባትሽ ጋቢ ጠቅልለሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጫቸው።